4.2 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠችው ሳንቲም ለምን በነፃ ተመለሰች?

ክብደቷ 8 ግራም ገደማ ነው። ኦክቶበር 2020 ለንደን ላይ ለጨረታ ቀርባ ወደ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ማርች 2023 ደግሞ የኒውዮርክ ማንሃታን አቃቤ ሕግ ከሌሎች ቅርሶች ጋር ለግሪክ አስረከባት። ግሪክ ምንም አልከፈለችም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ዋጋውን አይቶ "ዋው" ብሎ አለፈ። እኛ ከዋጋው ጀርባ ያለውን ነው ማየት የፈለግነው። ምክንያቱም ነገሩ ዞሮ ዞሮ አክሱም ድረስ ይመጣል።

ሳንቲሟ የማን ናት?

ያስመታት ብሩተስ ነው። አዎ፣ ዩሊየስ ቄሳርን ከገደሉት አንዱ። ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ44 ተገደለ። ብሩተስ ከሮም ወጥቶ ወደ ግሪክና ትንሿ እስያ ሄደ፣ ጦር አደራጀ፣ ለጦሩ የሚከፍለውን ገንዘብም እዚያው አስመታ። በአንዱ ገጽ የራሱ ምስል አለ። በሌላው ሁለት ጩቤ፣ መሀላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገው ቆብ፣ ከታች ደግሞ ግድያው የተፈጸመበት ቀን። ባጭሩ "ገደልነው፣ ነፃ አወጣናችሁ" ማለቱ ነው። ያኔ ፌስቡክ የለም፤ የፖለቲካ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በሳንቲም ነበር። ከዚህ ዓይነቱ በወርቅ የተመታ ዛሬ የሚታወቀው ሦስት ብቻ ነው።

ችግሩ ሳንቲሟ ላይ አልነበረም፣ ወረቀቷ ላይ ነው። በክሱ መሠረት ሳንቲሟ ከድሮ የስዊዘርላንድ ስብስብ እንደመጣች የሚያስመስል ፎርጅድ የባለቤትነት ታሪክ ተሠራላት። ሐሰተኛውን ወረቀት እንዲፈርም ገንዘብ የቀረበለት ሰውም ነበር። የአጫራቹ ድርጅት ኃላፊ ጃንዋሪ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ ተያዘ፤ በኋላም ጥፋተኛነቱን አመነ። በዚሁ ክስ ውስጥ ሌላም ሳንቲም ነበረች፦ ሲሲሊ ደሴት ላይ ናክሶስ የምትባል የግሪኮች ከተማ ያስመታቻት፣ የወይን አምላካቸው የዲዮኒሶስ ምስል ያለባት የብር ሳንቲም።

ሁለት ሳንቲም፣ ሁለት ዕጣ

የብሩተስ ሳንቲም በተመለሰች በሁለት ወሯ፣ ሜይ 2023፣ ዙሪክ ላይ አንዲት የግሪክ የወርቅ ሳንቲም በ4.4 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠች። የተመታችው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ፓንቲካፔዮን በምትባል የግሪኮች ከተማ ነው፤ የዛሬዋ ክሪሚያ ውስጥ ያለችው ኬርች። በጀርባዋ ክንፍ ያለው አውሬ የስንዴ ዛላ ላይ ቆሟል። ስንዴው እንዲያው ለጌጥ አልተቀረጸም። ከተማዋ የጥቁር ባሕርን እህል ለአቴና እየሸጠች ነው የበለጸገችው።

ይቺኛዋን ማንም አልከሰሰባትም። ለምን? የመጣችበት መንገድ ይታወቃል። የሄርሚታዥ ሙዚየም ንብረት ነበረች፤ በ1930ዎቹ የሶቪየት መንግሥት ዶላር ሲቸግረው ከሙዚየሙ ዕቃ ሲሸጥ ወጣች። አሻሻጡ ያሳዝናል ወይ? ያሳዝናል። ግን ተመዝግቧል።

እንግዲህ ሁለቱም በሚሊዮኖች የተሸጡ ናቸው። አንዷ ከየት እንደመጣች ስለሚታወቅ አዲስ ባለቤት አገኘች። ሌላዋ ስላልታወቀ ወንጀል ሆነች።

"ታዲያ ወረቀት ብቻ ነው እንዴ?"

አይደለም። ወረቀቱ የሚተካው አንድ ጥያቄ አለ፦ ሳንቲሙ ከየትኛው አፈር፣ ከምን ጋር ወጣ?

በ1984 ቱርክ ውስጥ ኤልማሊ አቅራቢያ ሰዎች በሜታል ዲቴክተር ሲፈልጉ ወደ 1,900 የሚጠጋ የብር ሳንቲም አገኙ። ከነዚህ 14ቱ አቴና ያስመታቻቸው ትልልቅ ባለ 10 ድራክማ ሳንቲሞች ነበሩ። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ የሚታወቁት ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው። ክምችቱ በድብቅ ከአገር ወጥቶ አሜሪካ ገባ፣ ሀብታሞች ገዙት። ቱርክ በ1989 ከሰሰች፤ አብዛኛው የተመለሰው ከ10 ዓመት ክርክር በኋላ በ1999 ነው። የቀረው ተበትኖ ቀርቷል።

የተበተነው ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። አንድ ላይ የተቀበረ ሳንቲም ማን ከማን ጋር ይነግድ እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት ምን እንዳስፈራቸውና እንደቀበሩት ይናገራል። ለየብቻ ሲሸጥ ግን ቆንጆ ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የአቴናን ጉጉት ውሰዱ። እኛ አገር ጉጉት ገድ የላትም፤ ለአቴናዎች ግን የጥበብ አምላካቸው ወፍ ናት። ጉጉቷ ያለችበት ባለ 4 ድራክማ ሳንቲም 17 ግራም ገደማ ብር ነው። ብሩ የሚወጣው አቴና አቅራቢያ ካለው ከላውሪዮን ማዕድን ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፍሩት በአብዛኛው ባሮች ናቸው። በ480ዎቹ ቅ.ል.ክ. አዲስ የብር ክምችት ሲገኝ ቴሚስቶክሊስ "ብሩን አንከፋፈል፣ መርከብ እንሥራበት" ብሎ ሕዝቡን አሳመነ። በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርሶችን ያሸነፉት በነዚያ መርከቦች ነው። ያቺው ጉጉት ዛሬ በግሪክ የ1 ዩሮ ሳንቲም ላይ አለች። 

ሰብሳቢዎቹስ ምን ይላሉ?

ሚዛናዊ እንሁን። ሳንቲም መሰብሰብ በራሱ ወንጀል አይደለም። ስለ ጥንት ሳንቲም ከምናውቀው ብዙውን የመዘገቡት ሰብሳቢዎች ናቸው። የግሪክ ሳንቲም በብዛት የተመታ ገንዘብ ስለሆነ ሁሉም ሙዚየም ይግባ ማለትም ይከብዳል። እንግሊዝና ዌልስ መሀል መንገድ አግኝተዋል፦ የተገኘ ክምችት በሕግ ሪፖርት ይደረጋል፤ ሙዚየም ከፈለገው ለአግኚው ይከፈለዋል፣ ካልፈለገው ይመለስለታል። መረጃው ግን በሁለቱም መንገድ ይቀራል።

"ከየት መጣ" ብሎ አለመጠየቅ ራሱ ሰብሳቢውንም ይጎዳል። በ2012 ኒውዮርክ የሳንቲም ገበያ ላይ አንድ ታዋቂ የእጅ ቀዶ ሐኪም ከሲሲሊ በቅርቡ የተቆፈሩ ናቸው ብሎ ያመነባቸውን የግሪክ ሳንቲሞች ሊሸጥ ሲል ተያዘ። ሳንቲሞቹ ሲመረመሩ ምን ሆነው ተገኙ? ፎርጅድ! የተዘረፈ የመሰለው ዕቃ ጭራሽ ጥንታዊ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ከሌላው ቅጣት ጋር ስለ ዕቃ አመጣጥ ጽሑፍ እንዲጽፍ አዘዘው።

አሁን ወደ አክሱም

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አስመትተዋል። የመጀመሪያው እንዱቢስ ስሙን ያጻፈው በግሪክ ፊደል ነው፤ የዓለም ገበያ ቋንቋ ያኔ እሱ ነበርና። ኢዛና በጨረቃው ምልክት ቦታ መስቀል አስገባ፤ አገሪቱ ክርስትናን መቀበሏን ሳንቲሙ መሰከረ። ከዚያ በኋላ በተመቱ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል የግሪክ ጽሑፍ እናገኛለን።

ደቡብ የመን ውስጥ አል-ማድሃሪባ በሚባል ቦታ 1,194 የወርቅ ሳንቲም አንድ ላይ ተገኝቷል። 868ቱ የአክሱም ናቸው፤ የቀሩት የሮማ። አክሱም ከባሕር ማዶ ምን ያህል ክብደት እንደነበራት ከሚያስረዱን ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። የሚያስረዳን ግን አንድ ላይ ስለተገኘና ስለተቆጠረ ነው። ያንን ወርቅ አንድ ሰው በየኪሱ ይዞት ቢሄድ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው አልነበረም።

አክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ ሳንቲም ከማሳ ብቅ ማለቱ የታወቀ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት መጠበቅ አለበት። ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ "ጥንታዊ ሳንቲም እንገዛለን" የሚል ፖስት ካያችሁ ዋጋውን ከማስላታችሁ በፊት ቆም በሉ። ሳንቲም ካገኛችሁ አትጠቡት፣ አትፈትጉት። ቦታውን ያዙ፣ ከነአፈሩ ፎቶ አንሱ፣ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ። ቱርክ የተሸጠባትን ለማስመለስ ዓመታት ፈጅታ ፍርድ ቤት ተሟግታለች። የእኛን ግን ገና ከአፈር ሲወጣ አንድ ፎቶና አንድ ስልክ ሊያድነው ይችላል።

እናንተስ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲሸጥ አይታችኋል? ኮሜንት ላይ እንወያይ፤ የቦታውን ስም ግን አትጻፉ፣ ሌባም ያነባል።