ተሳቢው ከመጎተቱ በፊት መጎተቻው ይመርመር

ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ለእርሻ ከመውጣቱ በፊት ምራኑን ማየት ልማዱ ነው። ሞፈሩ ጠንካራ፣ በሬዎቹም ብርቱ ቢሆኑ፣ ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያስረው ጠፍር አርጅቶ ከሆነ የዕለቱ ሥራ መካከል ላይ እንደሚቋረጥ ያውቃል። ማኅበራት ትራክተር ወይም ፒክአፕ ሲገዙ ግን ይህ ጥንቃቄ አብሮ ሲሸጋገር አይታይም። ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ተሳቢው ስፋት ብዙ ይመከራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ብረት የሚታሰበው ግን ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ብረት ለማሠራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለምሳሌ ከመካኒሳ በጀሞ በኩል ወደ ዓለም ገና የሚያወጣው መንገድ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ወደ ቱሉ ቦሎና ወሊሶ፣ ሌላው ወደ ቡታጅራ ይዘልቃል። ከእነዚህ አካባቢዎች እህል ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባ ተሽከርካሪ በመካኒሳም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ዳርቻ በርና መስኮት የሚበይዱ ወርክሾፖችን ያገኛል። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ይመጣል፤ ባለሙያው ይቆርጣል፣ ይበይዳል፤ መጎተቻውም በአጭር ጊዜ ያልቃል።

ይህ ሙያ ሊናቅ አይገባውም። በጭላሎ አውራጃ በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተሻሻሉ ማረሻዎችንና በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎችን አዘጋጅቶ ነበር። ይሁንና ማረሻዎቹ ስለከበዱና ዋጋቸውም ስለበዛ አብዛኛው ገበሬ በነባሩ ማረሻ ማረሱን ቀጠለ። ገበሬው አቅሙ የሚችለውንና ሲሰበር በአቅራቢያው የሚጠገንለትን ዕቃ ይመርጣል። በአገር ውስጥ የተበየደ መጎተቻ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ነገር ግን በር መበየድና መጎተቻ መበየድ አንድ አይደለም። የበር ብየዳ ቢላቀቅ በሩ አይዘጋም። የመጎተቻ ብየዳ ቢላቀቅ ግን አሥር ኩንታል የጫነ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ብቻውን ይወርዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚያዝ ማኅበር ዋጋ ከመከራከሩ አስቀድሞ ስለ ብረቱ ሊጠይቅ ይገባል።

አንደኛ፣ በየቦታው እንደ ፒን የሚሰካው ቁራጭ ፌሮ ለሕንፃ እንጂ ለመጎተቻ የተሠራ አይደለም። ገጹ ጎርባጣ በመሆኑ ቀዳዳውን ይበላል፤ ልኩም አይገጥምም። ፒኑ ለስላሳ ድፍን ብረት ሆኖ፣ ከቀዳዳው ጋር በልክ የሚገጥም፣ በመንገድ ንቅናቄ ዘሎ እንዳይወጣም ከታች በሽቦ የሚቆለፍ ይሁን። ሁለተኛ፣ አሮጌ ባሌስትራ ለማረሻ ጫፍ ጥሩ ነው፤ በተራ ብየዳ ሲያያዝ ግን ብየዳው አጠገብ ይሰባበራል። ሦስተኛ፣ መጎተቻውን ከሻሲው ጋር የሚይዙት ብሎኖች ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው ይሁኑ፤ ቁጥር የሌለው ብሎን ጥንካሬው አይታወቅም።

ኳስ ያለው መጎተቻ ለፒክአፕ ሲገዛ ደግሞ ልኩን ማየት ያሻል። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአሜሪካ ከሚመጡት አንዱ ግን 47.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ለትልቁ የተሠራ መያዣ በትንሹ ኳስ ላይ የተቆለፈ መስሎ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይዘላል።

ትራክተርን በተመለከተ አንድ ነገር ፈጽሞ ሊረሳ አይገባም። ጭነት የሚጎተተው ከኋላ ጎማው አክስል በታች ካለው መጎተቻ ነው። ወርክሾፑ ለሥራው እንዲመቸው ከፍ አድርጎ ቢበይደው፣ ትራክተሩ ዳገት ላይ ጭነቱን ሲስብ የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው ወደ ኋላ ሊገለበጥና ነጂውን ሊጨፈልቅ ይችላል።

የጭነቱም አደላደል እንደዚሁ ነው። በፒክአፕ የሚጎተት ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከነጭነቱ 10 ኩንታል ቢመዝን፣ መጎተቻው ላይ ማረፍ ያለበት ከ1 እስከ 1 ኩንታል ተኩል ነው። ጆንያው ሁሉ ወደ ኋላ ከተከመረ ተሳቢው እንደ እባብ እየተጥመለመለ ተሽከርካሪውን ከመንገድ ያስወጣዋል። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሆን አይፈቀድም። ሰባት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። በአገራችን ገደላማ መንገድ ከዚያ በላይ ያለ ፍሬን መጎተት ድፍረት እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ሁለት ሰንሰለቶች ደግሞ ከተሳቢው አንገት ሥር ተሻግረው ከሻሲው ጋር ይታሰሩ። ፒኑ ቢሰበር አንገቱ መሬት ሳይነካ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። ሰንሰለቱን በዚያው ፒን ላይ ማሰር ግን እንዳላሰሩት ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ የማኅበራት መሪዎች ሊመክሩበት የሚገባው የጋራ ልክ ጉዳይ ነው። ዛሬ አንዱ ማኅበር በአንድ ወርክሾፕ፣ ጎረቤቱ በሌላ ስለሚያሠሩ የፒኑ ውፍረትም ሆነ የመጎተቻው ከፍታ አይገጥምም። በመኸር ወቅት የአንዱ ትራክተር ቢበላሽ የጎረቤቱ ትራክተር ተሳቢውን ሊጎትትለት አይችልም፤ እህሉ ዝናብ ይመታዋል። በወንፈል ጊዜ የአንዱ ቀንበር በሌላው ሞፈር ላይ መዋሉ ብርቅ አልነበረም። የአንድ ወረዳ ማኅበራት ተሰብስበው አንድ የፒን ልክና አንድ ከፍታ ቢወስኑ፣ ሥዕሉን በወረቀት ቢያሠፍሩና ለማንኛውም ወርክሾፕ ያንኑ ቢሰጡ፣ ወንፈሉ በብረትም ይቀጥላል። ዕቃው ሲያልቅ የቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በጭነት ይፈተን፤ ብየዳውም ከመኸር በፊት በየዓመቱ ይታይ።

የተፈተነ መጎተቻም ቢሆን ሰው ለመጫን ፈቃድ አይሆንም። ከገበያ ሲመለሱ እናቶችና ሕፃናት በባዶው ተሳቢ ላይ ሲሳፈሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ነጂው እንቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። እንቢ የማለቱን ኃላፊነት ማኅበሩ በውሳኔ ቢወስድለት ነጂው ከወቀሳ፣ ተሳፋሪውም ከሞት ይድናል።