የከሰሉ አገር ከከሰሉ በኋላ

በምዕራብ ጀርመን በራይን ወንዝና በዶርትሙንድ ከተማ መካከል ያለው የሩር አውራጃ ስሙ ሲነሣ፣ ከሁለት ትውልድ በፊት በሰው አሳብ የሚመጣው ጢስ፣ ጥላሸትና የምድጃ እሳት ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቍጥር ባልና ሚስት ስንቃቸውን በመኪና ጭነው ወደዚያው አውራጃ ለመናፈስ ይወጣሉ። ሰው ለደስታው ብሎ ወደ ተዘጋ የከሰል ጉድጓድ የሚሄደው ስለ ምን ነው? ከዚህስ ሽርሽር ያገሩ ሰው ምን ያህል ይጠቀማል? ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

እንበልና ባልና ሚስቱ ቅዳሜ ጧት ከዱይስቡርግ ይነሡ። መንገድ የሚመሯቸው ቡናማ ሰሌዳዎች ናቸው፤ በ1999 የተከፈተውና ዙሪያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የኢንዱስትሪ ቅርስ ጐዳና በነዚሁ ሰሌዳዎች ይታወቃል። ማይደሪሽ በሚባለው ሠፈር እስከ 1985 ድረስ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ፋብሪካ አለ። በተዘጋ ጊዜ አፍርሶ ብረቱን መሸጥ ቀላሉ መንገድ ነበር። ዳሩ ግን ፔተር ላትስ የተባለው የመናፈሻ ንድፍ ሊቅ ምድጃውንና ቧንቧውን እንዳለ ትቶ በመካከሉ ዛፍና አበባ እንዲበቅልበት አደረገ። ዛሬ ጐብኚው እስከ ምድጃው አናት በደረጃ ይወጣል፤ ማዕድን ይከማችበት በነበረው ግንብ ላይ ወጣቶች ገደል መውጣት ይለማመዳሉ፤ ከሁሉ የሚገርመው ግን የጋዝ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ የጠላቂ ዋናተኞች መለማመጃ መሆኑ ነው።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በኦበርሃውዘን 117 ሜትር ቁመት ያለው ሌላ የጋዝ ማጠራቀሚያ የትርኢት አዳራሽ ሆኗል። እኛ ግን ባልና ሚስቱ ጊዜ ቢያጥራቸው ይህን አልፈው አይዘንሃይም ወደሚባለው የሠራተኞች መንደር እንዲገቡ እንመክራለን። መንደሩ መሠራት የጀመረው በ1846 ሲሆን በሩር ካሉት የሠራተኛ መንደሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የማዕድን ሠራተኛው በጓሮው አትክልት ይተክልና ፍየል ያረባ ነበር፤ ላም ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ፍየሊቱን “የማዕድን ሠራተኛ ላም” ይሏት ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት መንደሩን አፍርሶ ረጃጅም ሕንፃ ለመሥራት ሲታሰብ፣ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው አቤት ብለው ከመፍረስ አዳኑት። ስለዚህ ቅርሱን የጠበቁት ሹማምንትና ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም ማለት ነው።

እሑድን በኤሰን በሚገኘው በጾልፈራይን ማዕድን ማሳለፍ የተለመደ ነው። ፍሪትስ ሹፕና ማርቲን ክሬመር የነደፉት 12ኛው ጉድጓድ በ1932 ሥራ ሲጀምር በቀን 12000 ቶን ከሰል ያወጣ ነበር። በ1986 ተዘጋ፤ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከሰሉ ይታጠብበት የነበረው ሕንፃ ዛሬ የሩር ቤተ መዘክር ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከሽርሽሩ በስተኋላ ያለውን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። በ1957 በምዕራብ ጀርመን የከሰል ማዕድን 600000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። በዓመቱ ርካሽ ነዳጅ ዘይትና ከውጭ አገር የሚመጣ ከሰል ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ያልተሸጠ ከሰል በየጉድጓዱ አፍ ተከመረ። መንግሥት ወዲያው ልዝጋ ቢል ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ያደርገው ስለ ነበረ፣ ከሰሉን በድጎማ እየደገፈ ጉድጓዶቹን አንድ ባንድ ዘጋ። መዝጋቱ ስድሳ ዓመት ፈጀ። የመጨረሻው የቦትሮፕ ጉድጓድ የተዘጋው በ2018 ታኅሣሥ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ የመጨረሻዋን የከሰል ድንጋይ ለፕሬዚዳንት ሽታይንማየር አስረከቡ።

በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ከተሠራው ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ትምህርት ቤቱን ነው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርበት አውራጃ በኢንዱስትሪው ዘመን አንድም ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም፤ የቦኹም ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1965 ነው። ፋብሪካ ተክቶ ሥራ ለመስጠት የተደረገው ሙከራ ግን እንደዚሁ አልጸናም። በዚያው በቦኹም በ1962 የተከፈተው የኦፔል የመኪና ፋብሪካ በ2014 ተዘጋ። በጌልሰንኪርሽን ደግሞ የሥራ ፈቱ ቍጥር ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ሆኖ ቈይቷል። የጐብኚ ገንዘብ ለቡና ቤትና ለአስጐብኚ ይበቃ ይሆናል እንጂ የስድስት መቶ ሺሕ ሰው ደመወዝ አይሆንም።

ሌላው ዕዳ ደግሞ በመኪና መስኮት አይታይም። ከሥር ከሰሉ ስለ ወጣ መሬቱ ዝቅ ብሏል፤ በኤሰን እስከ 25 ሜትር ድረስ የሰመጠ ቦታ አለ። መሬቱ እየሰመጠ የከርሰ ምድር ቧንቧ ስለሚሰብር፣ የኤምሸር ወንዝ ከመቶ ዓመት በላይ የከተሞቹ ሁሉ ቈሻሻ በግልጥ የሚወርድበት ቦይ ሆኖ ኖረ። ማዕድኑ ወደ ሰሜን እየራቀ መሬቱ ከረጋ በኋላ ነው በ1992 የማጥራቱ ሥራ የተጀመረው፤ 51 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋና የፍሳሽ ቧንቧ ከመሬት በታች ተቀብሮ፣ ወንዙ በ2021 መጨረሻ ከቈሻሻ ውሃ ነጻ ወጣ። ወጪው ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆኗል።

የወንዙስ ሥራ ፍጻሜ አገኘ፤ የፓምፑ ግን ፍጻሜ የለውም። በሰመጠው መሬት ላይ ከተማ አለ፤ ውሃው ሳያቋርጥ ካልተሳበ ሰፊው የአውራጃው ክፍል ሐይቅ ይሆናል። ጀርመኖች ይህንን “የዘላለም ሥራ” ብለው ሰይመውታል። ለዚህም በ2007 አንድ ድርጅት ተቋቁሞ፣ የማዕድኑ ኩባንያ የነበረው የኬሚካል ኢንዱስትሪ ሀብት እንዲተላለፍለት ተደረገ፤ ከ2019 ጀምሮ የፓምፑን ወጪ የሚከፍለው ከዚሁ ሀብት በሚያገኘው ትርፍ ነው። ገንዘቡ የተመደበው የመጨረሻው ጉድጓድ ከመዘጋቱ 11 ዓመት አስቀድሞ፣ የሚሸጥ ከሰልና ተጠያቂ ኩባንያ ገና ሳለ መሆኑን ልብ ይሏል። እሑድ ማታ ባልና ሚስቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መኪናቸው የሚነዳበት አውራ ጐዳና ደረቅ የሚሆነው በዚሁ ገንዘብ ነው።