«አልቦ» ማለት «አላሰቡም» ማለት አይደለም

ባለፈው እትም «በአገራችን ፍልስፍና ነበረ ወይ?» ብሎ የጻፈው ጓደኛችን ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ፤ አልነበረም አለ፣ በቃ። ማስረጃው አንዲት ሐረግ ናት። የቤተ ክህነት ሰዎች ፈጣሪ ዓለሙን «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» አመጣው ይላሉ፤ እንደ ውዳሴ ይደግሙታል እንጂ ያ «አልቦ» ምን እንደሆነ ቆም ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅ የፈረንጅ ሥራ ነው፣ ይለናል። ኧረ ቀስ በል ወንድሜ!

እስቲ ከምታከብረው ከፈረንጁ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ800 ግድም፣ በሻርለማኝ ዘመን፣ ፍሬደጊሱስ የተባለ ዲያቆን ስለ ምንምነትና ስለ ጨለማ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። በላቲን «ኒሂል» ስም ነው፤ ስም ሁሉ አንድ ነገር ይሰይማል፤ እንግዲያው «ምንም»ም አንድ ነገር ነው አለ። ሰዋስው ጠልፎ ጣለው ማለት ይህ ነው። ወደ ሦስት መቶ ዓመት ግድም ቆይቶ አንሰልም ነገሩን አቃናው፦ ከምንም ተፈጠረ ማለት ምንም ከሚባል ዕቃ ተሠራ ማለት ሳይሆን፣ ከአንዳችም ነገር አልተሠራም ማለት ነው። ያኮረፈ ሰው «ምን ሆነሃል?» ሲሉት «ምንም» ይላል፤ ምንም የሚባል ነገር መጥቶ መታው እንዴ? የአንሰልም ምሳሌም ከዚህ አይርቅም።

አሁን ወደ ግእዙ። «ቦ» አለ ነው፤ «አልቦ» የለም ነው። ስም አይደለም! ሐረጉ ቃል በቃል ቢፈታ «ከሌለበት ወዳለበት» ነው። ፍሬደጊሱስ የወደቀበት ጉድጓድ እዚህ ገና አልተቆፈረም። የቆፈርነው እኛ ነን፤ በአማርኛ «ካለመኖር ወደ መኖር» ስንል ግሡን ስም አደረግነውና አለመኖር ጓዳ ይመስል ዓለሙን ከዚያ እናወጣዋለን። (የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ዛሬ ለዜሮ «አልቦ» የሚሉ አሉ፤ ምስኪኗ ቃል እንዲህ በግድ ስም ሆነች።)

«አላሰቡበትም» ለሚለው ግን ዋናው መልስ ጨለማ ነው። የሥነ ፍጥረትን ትምህርት የሰማ ሁሉ ቁጥሩን ያውቃል፦ ፍጥረት 22፣ ከእነዚህም በእሑድ የተፈጠሩት 8፤ አራቱ ባሕርያት ማለትም መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት፣ ከነሱም ጋር ሰባቱ ሰማያት፣ መላእክት፣ ብርሃን፣ እና ጨለማ። ጨለማ ተቆጠረ! ባስልዮስ ዘቂሣርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ባስተማረው ትምህርት ጨለማ የብርሃን መታጣት እንጂ ራሱን የቻለ ህላዌ የለውም ብሏል። የኛዎቹ ባስልዮስን ያከብራሉ፣ በስሙም ይቀድሳሉ፤ ጨለማን ግን ከፍጡራን ቆጠሩት። ለምን ይሆን? እኔ እንደሚገባኝ ከዓለም በፊት ምን ነበር ሲባል ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ጥቁር ነገር እናያለን፤ ትምህርቱ ያንን ይነጥቀናል። ያየኸው ጥቁሩም ፍጡር ነው፣ እሱም አልነበረም ይለናል። ከዚህ በላይ ምን ማሰብ ነው የሚፈለገው?

ደግሞም ሁሉን በአንድ አላደባለቁትም። «እምኀበ አልቦ» የተገኘውን ለብቻ፣ ከአራቱ ባሕርያት የተሠራውን ደግሞ «ግብር እምግብር» ብለው ለይተዋል። ይህን መለየት በላቲን ቢጻፍ ኖሮ ጓደኛችን ለፈተና ይሸመድደው ነበር።

አርዮስስ? ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፣ ከአልቦ ተገኘ ማለቱ ነው በ325 በኒቅያ ያስወገዘው። ያን ጊዜ አለመኖር የፈጣሪና የፍጡር ድንበር ሆነ፤ ከአልቦ የመጣ ሁሉ ፍጡር ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እ.ኤ.አ. በ1424 በፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ከሚሞግታቸው አንዱ ይኸው አርዮስ ነው። ሙግት ነው እንግዲህ፣ ዜማ አይደለም።

የወዲያኛውን ወገን ልተወው አልችልም። ሁሉ ነገር ከኛ ወጣ እያሉ ደረት የሚነፉት፣ ሲጠየቁ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ብቻ ይመዛሉ። የዚያ መጽሐፍ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ከቀሰቀሰው ወዲህ አልበረደም፤ ክሎድ ሳምነር ዕድሜውን ሙሉ ደክሞበት እንኳ አልዘጋውም። ታዲያ ሙሉውን ክብራችንን በዚያች አንዲት ችንካር ላይ መስቀል ምን የሚሉት ጀብዱ ነው? በየታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ገብርኤልን ቅጥር ከሚሞላው ሕዝብ መካከል እኮ፣ ፈጣሪ ከመላእክት በተሰወረ ጊዜ ሳጥናኤል «ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ» ሲል ገብርኤል ባልንጀሮቹን በህላዌያቸው እንዲጸኑ እንዳዘዛቸው የሚተርክልህ እናት አታጣም። «ህላዌ» የሚለውን ቃል እኛ ከትርጉም መጽሐፍ ተማርነው፤ እሷ ከስብከት ሰማችው።

ጉዳዩም የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም፤ ሙስሊም ጓደኞቻችን አል ገዛሊ ዓለም ዘላለማዊ ነው ያሉትን ፈላስፎች እንዴት እንደሞገተ ያውቃሉ። አብረን ብናነበው ምን ቸገረን?

ጓደኛችን መልስ ይጽፋል ብዬ እጠብቃለሁ። ሲጽፍ ግን አንዲት ፊደል አያልፋት፤ «ኀበ»ን። «ኀበ» የቦታ ቃል ነው። አንዳች ነገር ሳይኖር «ከሌለበት» የሚባል ቦታ እንዴት ኖረ? እኔ እስካሁን አልተፈታልኝም፤ መልሱ ከሄግል ይምጣ ከአንድምታ ግድ የለኝም።