ከአንድ ማዕዘን በተወሰደ አፈር ማሳው ይታወቃልን? የአሜሪካ ቅድመ ምርጫና የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ውድቀት

የማሳን ለምነት ለመመርመር የሚወጣ የግብርና ባለሙያ ከአንድ ማዕዘን ብቻ አፈር አንስቶ አይመለስም። ከዳሩም ከመሐሉም፣ ከተዳፋቱም ከረባዳውም አሥራ አምስትና ሃያ ቦታ ቆፍሮ ያደባልቃል፤ ድብልቁን ነው ወደ ላቦራቶሪ የሚልከው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከብቶች በረት ከነበረበት ጥግ የተነሣ አፈር ማሳውን ሁሉ ለም ያስመስለዋል፤ ጎርፍ ካጠበው ጥግ የተነሣ ደግሞ ማሳውን ሁሉ ጠፍ ያሰኘዋል።

ይህ ቀላል የእርሻ ሕግ በዓለም ኃያል በሆነችው ሀገር የፖለቲካ መድረክም ሆነ የስፖርት ሜዳ ሲጣስ ታይቷል። በ2019 እና በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት አሜሪካውያን በሕዝብ ፊት ክፉኛ ተዳከሙ። አንደኛው የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው ጆ ባይደን ነው። ሁለተኛው የባልቲሞር ኦሪዮልስ ቡድን የቤዝቦል ተጫዋች ክሪስ ዴቪስ ነው። ሁለቱም “አበቃለት” ተብሎላቸው ነበር። ፍርዱ በአንደኛው ላይ ስህተት ሆነ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ትክክል ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መሪን፣ ዘርን ወይም ሠራተኛን ለሚመዝን ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ቀድሞ የሚናገረው ክልል

በአሜሪካ ዋናው ምርጫ ከመካሄዱ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ ዕጩውን የሚለየው በየክልሉ በተራ በሚደረግ ቅድመ ምርጫ ነው። መራጩ በቀጥታ ዕጩውን አያጸድቅም፤ ለፓርቲው ጉባኤ የሚላኩ ተወካዮች በድምፁ ውጤት መሠረት ይመደባሉ። በዴሞክራቲክ ፓርቲ ደንብ ከመቶ 15 ድምፅ ያላገኘ ተወዳዳሪ በዚያ አካባቢ ተወካይ አይደርሰውም።

ከ1972 ጀምሮ ይህን ተራ የሚከፍተው አዮዋ ነበር። አዮዋ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለው፣ በበቆሎ ምርት ከሀገሪቱ ቀዳሚ የሆነ የእርሻ ክልል ነው። አመራረጡም ኮከስ ይባላል። በክረምት ምሽት ጎረቤቶች በትምህርት ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ዴሞክራቶቹ እስከ 2020 ድረስ ድምፅ የሚሰጡት ለየደጋፊው በተለየ ጥግ በመቆም ነበር፤ ዕጩው በቂ ሰው ያላገኘለት ወደ ሌላው ጥግ ይሻገራል። የቀበሌ ስብሰባ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ የሚሆን ሥርዓት አይደለም።

የአዮዋ ጥቅም እውነተኛ ነበር። ብዙም የማይታወቀው የጆርጂያው ጂሚ ካርተር በ1976 ከተፎካካሪዎቹ ቀድሞ የወጣው በዚያ ነው። ባራክ ኦባማም በ2008 ዓመቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ያሸነፈው እዚያው ነው። ገንዘብ የሌለው ተወዳዳሪ ከገበሬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር የሚችልበት ክልል ነበር።

ጉዳቱም ግን ከዚያው ይነሣል። በ2020 አዮዋ የነበረው ድርሻ ከ3,979 ተወካዮች 41 ብቻ ነበር፤ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ኒው ሃምፕሸር 24 ተወካዮች ነበሩት። ሁለቱ ተደምረው ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ሆኖም ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሸር አምስተኛ ሲወጣ ተንታኞች ስሙን ከዝርዝሩ ለመሰረዝ ተቻኮሉ። የአዮዋው ውጤት ራሱ የስልክ መተግበሪያው በመበላሸቱ ለቀናት ዘግይቶ እንኳ ፍርዱ አልዘገየም።

ናሙናው አነስተኛ ብቻ አልነበረም፤ ከማሳው አንድ ጥግ ብቻ የተወሰደ ነበር። ሁለቱም ክልሎች ሕዝባቸው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው፤ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ምሰሶ የሆኑት ጥቁር መራጮች በዚያ ጥቂት ናቸው። የካቲት 29 ቀን ደቡብ ካሮላይና ተራው ሲደርሰው፣ ከድምፅ ሰጪዎቹ ከግማሽ በላይ ጥቁር አሜሪካውያን በሆኑበት ምርጫ ባይደን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ድምፅ ወሰደ። ከሦስት ቀናት በፊት የክልሉ ታዋቂ የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ድጋፋቸውን ሰጥተውት ነበር። ወዲያው ፒት ቡተጀጅና ኤሚ ክሎቡሻር ከውድድሩ ወጥተው ከጎኑ ቆሙ። መጋቢት 3 ቀን ድምፅ ከሰጡት 14 ክልሎች አሥሩን አሸነፈ። በየካቲት መጀመሪያ “አበቃለት” የተባለው ሰው በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

54 ጊዜ የሳተው መቺ

ቤዝቦል ለብዙው አንባቢ ሩቅ ጨዋታ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ኳሷን አሳምሮ መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በደኅና ከደረሰ ተሳካለት ይባላል። ጨዋታው እጅግ ከባድ በመሆኑ ከመቶ ሙከራ ወደ 25 ያህሉ የተሳካለት መካከለኛ መቺ ነው፤ 30 የተሳካለት ደግሞ ይሞገሳል። ስለዚህ መሳት የጨዋታው ባሕርይ ነው፤ አንድ መቺ ለጥቂት ቀናት ቢዳከም ማንም አይደነግጥም።

ክሪስ ዴቪስ ተራ ተጫዋች አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. 53፣ በ2015 ደግሞ 47 ጊዜ ኳሷን ከሜዳው ውጭ በማሳረፍ በሁለቱም ዓመታት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ወጥቷል። ቡድኑም በጥር 2016 ለሰባት ዓመት 161 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት። ከዚያ በኋላ ግን ዱላው ከዳው። ከመስከረም 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ድረስ በተከታታይ 54 የመምታት ተራ አንድም ሳይሳካለት ቀረ፤ ወርዋሪ ካልሆኑት ተጫዋቾች መካከል በዚህ ረገድ ከእርሱ የከፋ መቺ በመዝገብ የለም። የራሱ ከተማ ተመልካች ጮኸበት። ሚያዝያ 13 ቀን በቦስተን ፌንዌይ ፓርክ ሲሳካለት የተቃራኒው ቡድን ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ መታ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም የትዕግሥት ምሳሌ በሆነ ነበር። ነገር ግን አላበቃም። ዴቪስ በዚያ ዓመትም በ2020ም አላንሠራራም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነሐሴ 2021 ጨዋታ ማቆሙን አስታወቀ።

ተመልካቹ ያየው 54 ቁጥርን ነው። እውነቱ የነበረው ግን በሌላ ቁጥር ውስጥ ነው። በ2018 ሙሉ የውድድር ዘመን ዴቪስ ከ470 የመምታት ተራ የተሳካለት 79 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከመቶ 17 እንኳ አይሞላም። ይህ በአንድ ሳምንት ወይም በአንድ ሜዳ የተመዘገበ አይደለም። ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ በብርድም በሙቀትም፣ በብዙ ከተሞችና በብዙ ወርዋሪዎች ፊት የተሰበሰበ ነው። በአፈር ባለሙያው ቋንቋ፣ ከማሳው ሁሉ የተወሰደ ድብልቅ ናሙና ነው። ቡድኑ ይህን እያወቀ ያሰለፈው ውሉ ውድ ስለነበር ነው ማለት ይቻላል። የተከፈለ ገንዘብ ግን አይመልስም፤ በተበላሸ ዘር የተዘራ ማሳን “ዘሩን በውድ ገዝቼዋለሁ” ብሎ እስከ አጨዳ መኮትኮት ምርት አይጨምርም።

ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ሰው ላይ

ቸኩሎ መጣልና ዘግይቶ መያዝ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው። የሚገርመው በአንድ ሰው ላይ ሁለቱም መድረሳቸው ነው። በ2020 ባይደን በጥቂት ድምፅ ተመዝኖ ሊጣል ነበር። በ2024 ደግሞ ሳይመዘን አለፈ። በሥልጣን ላይ ያለን ፕሬዚዳንት የሚገዳደር ጠንካራ ተወዳዳሪ አልቀረበም፤ በቅድመ ምርጫው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተወካዮች ወሰደ። ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም አልፈተነውም፤ ወርዋሪ ያልቆመለት መቺ ብዙ ጊዜ ቢመታ ብቃቱ አይታወቅም። ሰኔ 27 ቀን በተደረገው ክርክር ድክመቱ በአደባባይ ታየ፤ ሐምሌ 21 ቀን ከውድድሩ ወጣ። ፓርቲው አዲስ ዕጩ ይዞ ወደ ምርጫው የገባው ከአራት ወራት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት “ታገሡ” የሚል ብቻ አይደለም። ትዕግሥት ለዴቪስ ቡድንም ሆነ ለ2024ቱ ዴሞክራቶች አልጠቀመም። ፍርድ ከመስጠት በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ ቁጥሩ ከስንት ሙከራ የመጣ ነው? ከየትኛው የማሳ ክፍል ነው የተወሰደው? በእውነት የሚፈትን ነገር ገጥሞታልን?

ተራውን ያጣው ገበሬ

ከአዮዋው ውዝግብ በኋላ የዴሞክራቲክ ፓርቲ በ2023 የተራውን ቅደም ተከተል ለወጠ፤ በ2024 የመጀመሪያው ደቡብ ካሮላይና ሆነ። ሪፐብሊካኖች ግን አዮዋን አልተዉም፤ ጥር 15 ቀን 2024 በብርቱ ብርድ በተካሄደው ኮከስ ዶናልድ ትራምፕ ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኘ።

ለውጡ ለጥቁር መራጮች ፍትሕ ነው፤ ለአዮዋ ገበሬ ግን ኪሳራ አለው። ከአሜሪካ በቆሎ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ለነዳጅ የሚቀላቀል ኢታኖል ይሆናል፤ ይህንንም የሚደግፈው በ2005 ወጥቶ በ2007 የተስፋፋው ሕግ ነው። ዕጩዎች ስለ ኢታኖል አቋማቸውን በየበቆሎው ማሳ ሲናገሩ የኖሩት አዮዋ ቀድማ ስለምትመርጥ ነበር። እርግጥ ገበሬው በአንድ ጉዳይ ብቻ አይመርጥም። በ2016 የክልሉ አስተዳዳሪ በኢታኖል ምክንያት እንዳይመረጥ የጠየቁበት ቴድ ክሩዝ የሪፐብሊካኑን ኮከስ አሸንፏል። ሆኖም በቅድሚያ የሚጠየቅ ሰው ጉዳዩ በቅድሚያ ይሰማል። ተራው የሚሻለው በየጊዜው ቢዘዋወር፣ በመጀመሪያው ቀንም አንድ ሳይሆን የገጠርና የከተማ፣ የሰሜንና የደቡብ ክልሎች አብረው ቢመርጡ ነው። ያን ጊዜ ገበሬውም አይረሳም፤ የአንድ ጥግ አፈርም ማሳውን ሁሉ አይወክልም።

እዚህ የሚደርሰው ዳፋ

ይህ ሁሉ ለባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በ2020 ሊጣል የነበረው ሰው ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በኅዳር 2021 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ለማስወጣት መወሰኑን አስታወቀ፤ ውሳኔው ጥር 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋለ። ምርቱን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይልክ የነበረው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳቱን በቀጥታ ቀምሶታል፤ አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ2024 ከተከሰተው ግርግር በኋላ ያሸነፈው ትራምፕ ደግሞ ጥር 20 ቀን 2025 የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዘ፤ የጤናና የምግብ ዕርዳታ ሲያቀርብ የኖረው ዩኤስኤይድ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሥራው አከተመ። በአዮዋ አዳራሽ ማን በየትኛው ጥግ እንደቆመ የሚወሰነው ነገር ዞሮ የኢትዮጵያን ጤና ጣቢያና ፋብሪካ ይነካል።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄዎቹ ለቤትም ይሠራሉ። አዲስ የስንዴ ዝርያ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ማሳ ጥሩ ስላፈራ ለወረዳው ሁሉ አይታደልም፤ በአንድ የዝናብ እጥረት ስለወደቀም አይጣልም። በየዓመቱ እያነሰ የሚሰጠውን ደግሞ “ብዙ ደክመንበታል” ብሎ መያዝ ጎተራ አይሞላም። የቀበሌ ሊቀ መንበርም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅም በመጀመሪያው ወር ስህተት ብቻ ሊፈረድበት፣ ወይም ማንም ሳይጠይቀው ዓመት ከዓመት ሊቀጥል አይገባም። ሒሳቡን በዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቦ፣ ከመንገድ ዳር ጎጥም ከሩቁ ጎጥም በመጡ አባላት ሊጠየቅ ይገባዋል።