«አይ አም ሌጀንድ»ን ተረት ላሉት

ዊል ስሚዝ የተወነበት እ.ኤ.አ. የ2007 ፊልም «አይ አም ሌጀንድ» በተነሳ ቁጥር አንድ ዓይነት ትችት ይጻፋል፦ ካንሰር ሊፈውስ የተሠራ የኩፍኝ ቫይረስ የሰው ዘር ጨረሰ መባሉ ሳይንስ የማያውቀው ተረት ነው። ተቺዎቹ መዝገቡን አላገላበጡም።

ካንሰርን በቫይረስ መዋጋት ሥራ ላይ የዋለ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሜላኖማ፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር፣ የተሻሻለ የሄርፐስ ቫይረስ ፈቅዷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች የመቅኔ ካንሰር የያዛትን ሴት በተሻሻለ የኩፍኝ ቫይረስ አክመው፣ በሽታው ለወራት መጥፋቱን ዘግበዋል። ኩፍኝ! ፊልሙ ዘገባውን በሰባት ዓመት ቀደመው።

«እንዲህ አይዛመትም» ለሚሉትም መልስ አለ። ኩፍኝ በአየር ይተላለፋል፤ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። በፊልሙ ውሾች መታመማቸውም አያስገርም፤ ውሾችን የሚፈጀው ዲስቴምፐር የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። የበሽተኞቹ ብርሃን መሸሽ እንኳ መነሻ አለው፤ ኩፍኝ የያዘው ሰው ዓይኑ ብርሃን አይችልም።

ይህ የቫይረስ ቤተሰብ አገር መፍታት እንደሚችል ኢትዮጵያ ታውቃለች። ሌላው የኩፍኝ ዘመድ፣ የከብት ደስታ በሽታ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ።

የፊልሙ በሽተኞች ግድግዳ የሚቧጥጡ ጭራቆች መሆናቸው ማጋነን ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ተቺዎቹ እንግዲህ የኮምፒውተር ሥዕሉን ይንቀፉ፤ ባዮሎጂውን ግን ይተዉት።