ለልጅ መጫወቻ ካሚዮን ቀለም ስለ መቀባት

የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፤ የልጅ መጫወቻ ትንሽ ነገር ነው ተብሎ አይናቅ። ልጅ ሥራን የሚማረው ትልቅ ሰው በትንሽ ነገር ሲደክም አይቶ ነውና። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ የሚነዳውን የፕላስቲክ ካሚዮን ቀለም ስለ መቀባት፣ በሲ.ኤም.ሲ ሰፈር በአንድ ቤት ከሆነው ነገር ጋራ አያይዘን እንጽፋለን።

በዚያ ቤት የሚኖሩት አያት በጕልማሳነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ካሚዮን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ ይመላለሱ የነበሩ ሾፌር ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ጭነት ከተዘጋ ወዲህ ያ ጕዞ ቀረ፤ ካሚዮኑም ተሸጠ። የልጅ ልጃቸው መጫወቻ ካሚዮን በተገዛለት ጊዜ «አባባ፣ እርስዎ ይነዱት የነበረውን ያስመስሉልኝ» ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው እሺ አሉት።

ነገር ግን ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ተብሎ፣ በጳጉሜን ዝናብ ሲጥል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ፕላስቲኩ ሳይታጠብ ቀይ ቀለም ተረጨበት። ልጁን ራሱን አመመው። ቀለሙም አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ፤ በማግሥቱ በጥፍር ቢነኩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተነሣ። አያት በቶሎ አርመዋለሁ ብለው በቲነር ቢጠርጉት የጣራው አንድ ማዕዘን ሟሙቶ ተጨማደደ። ልጁ አለቀሰ። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ አሰብ ስወርድ ፍሬንና ጎማ ሳላይ ተነሥቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ሳላይ ተነሣሁ» አሉት።

እንግዲህ አስቀድሞ መታየት የሚገባው የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። ስሱና እንደ መስተዋት የሚያሳየው ፖሊካርቦኔት የሚቀባው ከውስጥ በኩል ነው፤ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ጠንካራው ግን ከውጭ ይቀባል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ለጠንካራው ቲ.ኤስ.፣ ለስሱ ፒ.ኤስ. የሚል ምልክት ያለበትን ቀለም ለይቶ የሚሠራው ስለዚህ ነው። አሴቶንና ብርቱ ቲነር ጠንካራውን ፕላስቲክ ስለሚያሟሙት፣ የተበላሸ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይፋቅ እንጂ በቲነር አይጠረግ።

ሁለተኛው እጥበት ነው። የካሚዮኑ አካል ከሻንሲው ይለያል፤ ባትሪውም ይወጣል። ፕላስቲኩ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ሲላቀቅ የቅባት ርዝራዥ ሊቀርበት ይችላልና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ከደረቀ በኋላ በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ወዝ ቀለም እንዳይዝ ይከለክላልና። ቀጥሎ ቍጥር 600 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከሩ ወዙ እስኪጠፋ ድረስ በቀላሉ ማሸት፣ እንደ ገናም ማጠብ ነው። የተጐዳ ቦታ ካለ ለፕላስቲክ በሚስማማ ስቱኮ ይሞላል።

ሦስተኛው የመሠረቱ ቀለም፣ ይኸውም ፕራይመር የሚባለው ነው። ለቀይና ለብጫ ነጭ መሠረት ይሻላል፤ በጥቁር ላይ ቀይ ይደበዝዛልና። ከዚያ በኋላ ጣሳውን 2 ደቂቃ ያህል መነቅነቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ መርጨት ይገባል። እጅ ከአካሉ ውጭ ጀምሮ ከአካሉ ውጭ ይጨርስ። የመጀመሪያው ርጭት መሠረቱን እስኪያሳይ ድረስ የሳሳ ይሁን፤ በየመካከሉም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ። በአንድ ጊዜ ከሚደፋ ወፍራም ቀለም ሦስት አራት ጊዜ የሚረጭ ስስ ይበልጣል። መጫወቻው ከእውነተኛው 14 ጊዜ ያነሰ ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀለም በእውነተኛው ካሚዮን ላይ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነውና፣ የበሩና የመብራቱ ቅርጽ ይደፈናል።

ጊዜንም መምረጥ ያስፈልጋል። የሚረጨው ቀለም ሲተን ገጹን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ በቀለሙ ላይ ያርፋል፤ በዚያ ቤት የታየው ንጣትም ይህ ነው። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ አይስማሙም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ ወራት ይሻላል። በእንጦጦ ሥር ላለ ሰፈር የማለዳው ብርድ ስለሚጸና፣ ፀሐይ ሲሞቅ ከጧቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሣ መሥራት ነው። ጣሳው ቢቀዘቅዝ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ እሳት ከቀረበ ግን ይፈነዳል።

ከሁሉ በላይ የልጅ ጤና ይጠበቅ። ርጭቱ በግቢ ውስጥ በጥላ ሥር ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ አይደረግ። የቡና ከሰልም በአጠገቡ አይኑር። ተራ የጨርቅ ጭምብል ትነቱን አያግድምና፣ የሚረጨው ሰው የከሰል ማጣሪያ ያለውን ያድርግ። ማጠቡና ማሸቱ የልጁ ሥራ ነው፤ መርጨቱ የትልቅ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም።

አያትና የልጅ ልጅ በጥቅምት እንደ ገና ጀመሩ። አራት ቀን ፈጀባቸው። የተጨማደደው ማዕዘን በስቱኮ ቢሞላም ፀሐይ ሲያርፍበት ምልክቱ ይታያል። በአምስተኛው ቀን ልጁ ቀዩን ካሚዮን ከግቢው በር አስነሥቶ፣ በአበባው መደብ ዙሪያ አዙሮ፣ በሽማግሌው ወንበር እግር ሥር አቆመና «አባባ፣ አሰብ ገባሁ» አለ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አስቀድመው ጎማውን፣ ቀጥሎም ቀለሙን መረመሩ።

ወላጆች ሆይ፤ የልጅን ሥራ ለበዓል ለማድረስ አትቸኵሉ። በዓሉ በየዓመቱ ይመለሳል፤ በጥድፊያ የተበላሸው ግን ምልክቱ ይቀራል።