ቅንጦት አይደለም

ለወጣት የአንጀት ካንሰር ሕሙማን የዕጢውን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ለእኛ ቅንጦት ነው የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከመርጡለ ማርያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ በሬውን ሸጦ የሚሄድ ወጣት ለማይሠራለት መድኃኒት የሚከፍለውን ብር ከየት ያመጣል? ኬራስ የተባለው ዘረመል የተለወጠበት ዕጢ ሴቱክሲማብ ለተባለው መድኃኒት እንደማይበገር ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ የኒውዮርክ ጥናት፣ ዕጢያቸው የዘረመል ስሕተት የማረም አቅሙን ያጣ 12 የፊንጢጣ ካንሰር ሕሙማን ዶስታርሊማብ የተባለውን መድኃኒት ብቻ ወስደው፣ ያለ ቀዶ ሕክምናና ያለ ጨረር የሁሉም ዕጢ ጠፋ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ አልክድም። ይህ የማረም አቅም መጥፋቱን የሚያሳየው ምርመራ ግን ለባዮፕሲ በተወሰደችው ሥጋ ላይ አራት ፕሮቲኖችን በማቅለም ይሠራል፤ ጉድለቱ በውርስ የመጣ ከሆነም የታማሚውን እኅት ወንድሞች ያስጠነቅቃል።

ሐኪሞቻችን፣ በሰገራው ደም እያየ የመጣን ወጣት ሳትመረምሩ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትሸኙት፤ ካንሰር ከተገኘበትም አራቱን ፕሮቲኖች አስመርምሩለት።